«የቤቱ ባለቤት» ሲባል፦ በከተማ ቤት ሽያጭና ብድር ውስጥ የሚመላለሱ የሕግና የገንዘብ ቃላት

በከተማ ቤት ሽያጭ ውሎች ውስጥ ሁለት ሐረጎች ተደጋግመው ይገኛሉ። አንደኛው ሻጩ ቤቱን «ከነይዞታው» መሸጡን ይገልጻል፤ ሁለተኛው ቤቱ «ከማናቸውም ዕዳና እገዳ ነጻ» መሆኑን ያረጋግጣል። ውሉን የሚያዘጋጀው ሰው ሐረጎቹን ከቀደመ ውል ይገለብጣቸዋል፤ ሻጭና ገዢም ሳያመነቱ ይፈርሙባቸዋል። ሆኖም የመጀመሪያው ሐረግ ሻጩ በሙሉ ሊሸጠው የማይችለውን ነገር በሽያጩ ውስጥ ያካተተ ይመስላል። ሁለተኛው ደግሞ ከመዝገብ በቀር ማንም ሊያረጋግጠው የማይችለውን ነገር በሻጭ አንደበት ያረጋግጣል። ጉዳቱ በፊርማው ቀን አይታይም። የሚገለጠው ገዢው ስም ለማዛወር ሲሄድ፣ ባንክ ቤቱን በመያዣነት ሲመረምር፣ ወይም ሻጩ ሞቶ ወራሾች ሲቀርቡ ነው።

በዚህ መስክ የሚነገሩት ቃላት የሚያደናግሩት ከባድ ስለሆኑ አይደለም። አብዛኞቹ የዕለት ተዕለት ቃላት ናቸው፤ ቤት፣ ባለቤት፣ ይዞታ፣ መያዣ፣ ዋስትና፣ ካርታ። የሚያደናግሩት በአደባባይ የሚሰጣቸው ፍቺና በሕግ የሚሰጣቸው ፍቺ ስለሚለያይ፣ አንዳንዴም በሁለት ሕጎች ውስጥ ሁለት ፍቺ ስለሚኖራቸው ነው። ስለዚህ አንድ ቃል ሲነሣ ሁለት ጥያቄዎችን ማስቀደም ይጠቅማል። ቃሉ የሚመለከተው የትኛውን ነገር ነው፤ መሬቱን፣ በመሬቱ የመጠቀም መብቱን ወይስ ሕንፃውን? መብቱስ የሚጸናው በማን ላይ ነው፤ በተዋዋዩ ላይ ብቻ ወይስ በሦስተኛ ወገን ላይም ጭምር?

ባለቤትነትና ይዞታ

የፍትሐ ብሔር ሕጉ በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሠራበት፣ ረቂቁን በፈረንሳይኛ ያዘጋጁት ፕሮፌሰር ረኔ ዳቪድ የጻፉት መሬት የግል ሀብት ሊሆን ለሚችልበት አገር ነበር። ሕጉ በቁጥር 1204 ባለቤትነትን ግዙፍነት ባለው ነገር ላይ ሊኖር ከሚችለው መብት ሁሉ የሰፋው መብት አድርጎ ይተረጉመዋል። ይዞታ ግን በዚሁ ሕግ ቁጥር 1140 መሠረት አንድ ሰው አንድን ነገር በእጁ አድርጎ በተግባር የሚያዝበት ሁኔታ ነው። ይህ የሚመለከተው መብትን ሳይሆን በተግባር የሚታየውን ሁኔታ ነው። ቤቱን ያለ አግባብ የያዘ ሰው እንኳ በዚህ አነጋገር «ባለይዞታ» ሊባል ይችላል፤ በኃይል የተነጠቀ ባለይዞታም ባለቤትነቱን ማስረዳት ሳይጠበቅበት በቁጥር 1149 መሠረት ይዞታው እንዲመለስለት በሁለት ዓመት ውስጥ ሊጠይቅ ይችላል።

በ1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታን በሙሉ የመንግሥት አደረገ፤ አንድ ቤተሰብ ሊኖረው የሚችለውንም መኖሪያ ቤት በአንድ ወሰነ። «ትርፍ ቤት» የሚለው ቃል የተወለደው በዚህ ጊዜ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደነገገ፤ በመሬቱ ላይ የተሠራው ሕንፃ ግን የሠራው ሰው የግል ንብረት ሆኖ ቀጠለ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ የንብረት ድንጋጌዎች አልተሻሩም፤ ቃላቱም እንዳሉ ቆዩ። መሬቱ ግን ከሥራቸው ተነሥቷል።

በዚህ ጊዜ «ይዞታ» አዲስ ሸክም ተሸከመ። መሬትን በባለቤትነት መያዝ ስለማይቻል፣ በሕግ ተፈቅዶ በመሬቱ መጠቀምን የሚገልጸው ቃል እሱ ሆነ። ስለዚህ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ውስጥ ይዞታ ከባለቤትነት ያነሰ፣ በተግባር የሚታይ ሁኔታ ነው። በከተማ መሬት ሕጎች ውስጥ ግን ይዞታ አንድ ሰው በመሬት ላይ ሊኖረው የሚችለው ከፍተኛው መብት ነው። ጠበቆችም ሆኑ ችሎቶች ሁለቱን ፍቺዎች በአንድ ክርክር ውስጥ ሲያደባልቁ መታየታቸው የሚያስገርም አይደለም። «ከነይዞታው ሸጥኩ» የሚለው ሐረግም በጥንቃቄ ሲነበብ ሕንፃውን በሽያጭ፣ በመሬቱ የመጠቀም መብቱን ደግሞ ሕግ በሚፈቅደው መንገድ አስተላለፍኩ ማለት ነው እንጂ መሬቱን ሸጥኩ ማለት አይደለም።

ሕንፃው የብዙ ሰው ሲሆን ይህ መደራረብ አንድ ፎቅ ይጨምራል። በጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የቤቱ ባለቤት በግሉ የሚይዘው የተወሰነውን ቤት ነው፤ ደረጃው፣ ጣሪያው፣ ግቢውና የመሳሰሉት «የጋራ መጠቀሚያ» ተብለው የሁሉም ናቸው፤ የሚተዳደሩትም በባለቤቶች ማኅበር ነው።

ነባር ይዞታና ሊዝ

የከተማ ቦታ ሊዝ በአዋጅ ቁጥር 80/1986 ተጀምሮ በ272/1994፣ ከዚያም በ721/2004 ተተካ። ሊዝ ሽያጭ አይደለም፤ ከተለመደው የቤት ኪራይም ይለያል። ባለመብቱ ለተወሰነ ዘመን፣ ለተወሰነ አገልግሎት፣ በተወሰነ ክፍያ በቦታው ሊጠቀም ከከተማው አስተዳደር ጋር ይዋዋላል። የ2004ቱ አዋጅ ለመኖሪያ ቤት የሰጠው ዘመን 99 ዓመት ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ለኢንዱስትሪ 70፣ ለንግድ 60 ዓመት ነው። ቅድመ ክፍያው ከጠቅላላው የሊዝ ዋጋ ከ10 በመቶ ሊያንስ አይችልም፤ ቀሪው በየዓመቱ ከወለድ ጋር ይከፈላል።

ለብድር ወሳኝ የሆነው የዚህ አዋጅ አንቀጽ 24 ነው። በዚህ አንቀጽ መሠረት ባለመብቱ የሊዝ መብቱን ሊያስተላልፍ ወይም በመያዣነት ሊያቀርብ የሚችለው በከፈለው የሊዝ ገንዘብ መጠን ነው። ለምሳሌ 200 ካሬ ሜትር ቦታ በካሬ 10,000 ብር ያሸነፈ ሰው ጠቅላላ የሊዝ ዋጋው 2,000,000 ብር ይሆናል። 10 በመቶውን ብቻ ከፍሎ ባንክ ቢሄድ፣ በቦታው ላይ ያለው መብት በመያዣነት የሚታሰብለት በ200,000 ብር ነው። ተበዳሪው ግን «የሁለት ሚሊዮን ቦታ አለኝ» ብሎ ነው ወደ ባንኩ የሚገባው። ግንባታ ሳይጀምር ወይም በግማሽ ሳያጠናቅቅ መብቱን ማስተላለፍ ቢፈልግም ሽያጩ አግባብ ባለው አካል ክትትል ይካሄዳል፤ የሚደርሰውም የከፈለው ሊዝ ከነወለዱ፣ የሠራው ግንባታ ዋጋና ከመብቱ ማስተላለፊያ ዋጋ 5 በመቶ ነው። የዚህ ድንጋጌ ዓላማ ባዶ ቦታ እየያዙ ዋጋ ሲጨምር መሸጥን መግታት እንደሆነ ግልጽ ነው።

ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ ቦታ «ነባር ይዞታ» ይባላል። ነባር ይዞታ ያለው ሰው የሊዝ ዋጋ ስለማይከፍል ገበያው ይህን እንደ ጥቅም ይቆጥረዋል፤ ሻጮችም በዋጋው ውስጥ ያስገቡታል። አዋጁ በአንቀጽ 6 እንደሚለው ግን በነባር ይዞታ ላይ ያለ ንብረት ከውርስ በቀር በማናቸውም መንገድ ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ፣ የተላለፈለት ሰው ቦታውን የሚይዘው በሊዝ ሥርዓት ነው። ስለዚህ ገዢው «ነባር» ብሎ የገዛው ቦታ በገዛበት ቅጽበት ነባርነቱን ያጣል። ሻጩ የነበረው ነገርና ገዢው የሚያገኘው ነገር አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ይህ በሽያጭ ሕግ እምብዛም የማይገኝ ሁኔታ ነው።

ካርታ

በአነጋገር «ካርታ አለው» ማለት ባለቤት ነው ማለት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1195 ለዚህ አነጋገር መሠረት ይሰጠዋል፤ የአስተዳደር ክፍል የማይንቀሳቀስ ንብረት የእገሌ መሆኑን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ከሰጠ ያ ሰው ባለቤት እንደሆነ ይገመታል። ግምት ግን ፍርድ አይደለም። በተከታዩ ቁጥር 1196 መሠረት ወረቀቱ የተሰጠው ሥልጣን በሌለው ክፍል ወይም ከደንብ ውጪ መሆኑን፣ የተሰጠው በማይጸና ጽሑፍ ላይ ተመሥርቶ መሆኑን፣ ወይም ተከራካሪው ባለሀብትነቱን ያገኘው ወረቀቱ ከተሰጠ በኋላ መሆኑን በማስረዳት ግምቱን ማፍረስ ይቻላል።

ካርታ ይህን ያህል ክብደት ያገኘበት ታሪካዊ ምክንያት አለ። ሕጉ በቁጥር 1185 የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነት በውል ወይም በኑዛዜ እንዲተላለፍ በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ መመዝገብን ይጠይቃል፤ ስለ መዝገቡም አንድ ሙሉ አንቀጽ፣ ከቁጥር 1553 እስከ 1646፣ አዘጋጅቷል። ነገር ግን በመጨረሻዎቹ የመሸጋገሪያ ድንጋጌዎች፣ በቁጥር 3363፣ ይኸው አንቀጽ በነጋሪት ጋዜጣ በሚወጣ ትእዛዝ ቀን እስኪቆረጥለት ድረስ ሥራ ላይ እንዳይውል አገደው። በዚህ ምክንያት የመዝገቡን ቦታ የማዘጋጃ ቤት ማኅደርና ከማኅደሩ የሚወጣው ካርታ ያዙት። የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818 የወጣው በ2006 ዓ.ም. ነው። ሕጉ ከጸደቀ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አልፎ ማለት ነው። በዚያ ዘመን ሁሉ የኢትዮጵያ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሕግ መዝገብ እንዳለ አድርጎ ይናገር ነበር።

ውል፣ ውክልና፣ ኑዛዜ

«የመንደር ውል» በሕግ መጽሐፍ ውስጥ የማይገኝ፣ በፍርድ ቤት መዝገቦች ግን የተለመደ ቃል ነው። ሻጭና ገዢ በምስክሮች ፊት የሚፈራረሙበትን፣ ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ዘንድ ያልቀረበ ጽሑፍ ያመለክታል። ቁጥር 2877 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ እንደማይጸና ይናገራል፤ ምዝገባን ግን አያነሣም። ቁጥር 1723 በበኩሉ በማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ የባለቤትነት፣ የአላባ፣ የአገልግሎት ወይም የመያዣ መብት የሚያቋቁም ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ዘንድ መመዝገብ እንዳለበት ያዝዛል። ሁለቱን እንዴት ማጣጣም ይቻላል? ምዝገባው ለውሉ መጽናት አስፈላጊ ነው ወይስ ለማስረጃነት ብቻ?

የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448፣ በ1999 ዓ.ም.፣ ጠንካራውን መንገድ መረጠ፤ በቁጥር 1723 መሠረት ያልተመዘገበ የቤት ሽያጭ ውል በሕግ ፊት የሚጸና አይደለም አለ። ከዚያ በኋላ በመዝገብ ቁጥር 36887 ደግሞ ውሉ መደረጉ ካልተካደ አለመመዝገቡ ብቻውን ውሉን ፈራሽ እንደማያደርገው ወሰነ። ሁለተኛው ውሳኔ ቅን ገዢዎችን ከብዙ ጥፋት አድኗል። በሌላ በኩል ግን እንግዳ የሆነ ሚዛን ፈጥሯል። የገዢው ዕጣ በሻጩ መልስ ላይ ተንጠለጠለ፤ የሸጠውን የሚያምን ሐቀኛ ሻጭ ይገደዳል፣ አልሸጥኩም ብሎ ዐይኑን በጨው የሚያጥብ ሻጭ ግን የተሻለ መከራከሪያ ያገኛል። የውልን መጽናት ከተከራካሪ ሐቀኝነት ጋር ማሰር ለሕግ እርግጠኝነት የማይመች አካሄድ ነው።

በአዲስ አበባ በመንግሥት የተገነቡት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ደግሞ ሌላ የቃላት ጥልፍልፍ አምጥተዋል። «20/80» እና «40/60» የሚባሉት ቃላት ራሳቸው የፋይናንስ ቃላት ናቸው፤ የመጀመሪያው ቁጥር ተመዝጋቢው በቁጠባ የሚያዋጣውን፣ ሁለተኛው በባንክ ብድር የሚሸፈነውን መቶኛ ያመለክታል። ዕጣ የደረሰው ሰው ቤቱን ለአምስት ዓመት እንዳይሸጥ በመከልከሉ፣ ገበያው ሽያጩን በሌሎች ቃላት ሸፈነው። ገዢው ዋጋውን ይከፍላል፤ በወረቀት ላይ ግን «አበዳሪ» ይሆናል። ሻጩ ቤቱን የመሸጥ ሥልጣን የያዘ ውክልና ይሰጠዋል። አንዳንዴም ኑዛዜ ይጨመራል።

እነዚህ ሦስት ሰነዶች ተደምረው አንድ ሽያጭ አይሆኑም። በቁጥር 2205 መሠረት ተወካይ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለመስጠት ልዩ ውክልና ያስፈልገዋል፤ ይህ ችግር አይደለም፣ ወረቀቱ ላይ ይጻፋል። ችግሩ ቁጥር 2232 ነው፤ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ ወካዩ ሲሞት ውክልናው ያበቃል። ኑዛዜም ተናዛዡ በሕይወት እስካለ ድረስ ሊሻረው ይችላል። የብድር ውሉ የሚያስገኘው ገንዘብ የማስመለስ መብት ብቻ ነው። እንግዲህ ሻጩ ቢሞት ገዢው የሚቀረው ከዓመታት በፊት የከፈለውን ገንዘብ ከወራሾች መጠየቅ ነው፤ የቤቱ ዋጋ በዚያ መካከል እጥፍ ድርብ ሆኖ ይሆናል። በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በዘመድ ስም ቤት ሲያሠሩም የሚገጥማቸው ከዚህ ብዙ አይለይም። ገንዘቡ የእነርሱ፣ ካርታው የዘመድ ሲሆን በቁጥር 1195 የተጠቀሰው ግምት የሚሠራው ለዘመድየው ነው።

ጋብቻም በቃላቱ ውስጥ ድርሻ አለው። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ቁጥር 213/1992 አንቀጽ 68 መሠረት የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥም ሆነ በመያዣ ለመስጠት የባልና የሚስት ስምምነት ያስፈልጋል። ካርታው በአንዱ ስም መሆኑ ንብረቱን የግል አያደርገውም። ያልተስማማው ተጋቢ ውሉ እንዲፈርስ ሊጠይቅ የሚችለው ውሉን ካወቀ በስድስት ወር፣ ቢዘገይ ደግሞ ከተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። ባንኮችና ውል አዋዋዮች የጋብቻ ሁኔታ ማስረጃ ሳይዙ ወደ ፊት የማይሄዱት ለዚህ ነው።

ዋስትና፣ መያዣ፣ ወለድ አገድ

«ቤቱን ዋስትና አስያዘ» የሚለው አነጋገር ሁለት የሕግ ተቋማትን አንድ ላይ ያጣብቃል። ዋስ ሰው ነው፤ ባለዕዳው ካልከፈለ እኔ እከፍላለሁ ብሎ ግዴታ ይገባል። መያዣ ግን ነገር ነው፤ ገንዘብ ጠያቂው ከሌሎች ጠያቂዎች ቀድሞ ከንብረቱ ዋጋ የሚከፈልበት መብት ይሰጣል። ዋሱ ቢከስር ዋስትናው ባዶ ይሆናል። በደንብ የተመዘገበ መያዣ ግን ባለዕዳው ቤቱን ለሌላ ቢሸጠው እንኳ ቤቱን እየተከተለ ይሄዳል።

«መያዣ» የሚለው ቃል ራሱ ያሳስታል። «መያዝ» ከሚለው ግሥ ቢወጣም፣ በማይንቀሳቀስ ንብረት መያዣ አበዳሪው የሚይዘው ነገር የለም። ተበዳሪው በቤቱ ይኖራል፣ ያከራየዋል፣ ኪራዩን ይሰበስባል። አበዳሪው በእጁ ያለው በመዝገብ ላይ የሰፈረ ጽሑፍ ነው። በቁጥር 3045 የመያዣ ውል በጽሑፍ መሆንና የዕዳውን መጠን በኢትዮጵያ ገንዘብ መግለጽ አለበት፤ በቁጥር 3052 ደግሞ መያዣው ውጤት የሚኖረው ንብረቱ በሚገኝበት ቦታ መዝገብ ከገባበት ቀን ጀምሮ ብቻ ነው። የምዝገባው ኃይል በቁጥር 3058 መሠረት አሥር ዓመት ነው። የቤት ብድር ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ በላይ ይረዝማል፤ ምዝገባውን ማደስ የዘነጋ አበዳሪ ብድሩ ሳያልቅ የቀደምትነት መብቱን ሊያጣ ይችላል። ለባንክና ለአነስተኛ የገንዘብ ተቋም የሚሰጥ መያዣ በ2001 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 639 በቁጥር 1723 ከተመለከተው በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ዘንድ የመመዝገብ ግዴታ ነጻ ተደርጓል፤ ይህ ግን በቁጥር 3052 የተጠቀሰውን የመያዣ ምዝገባ አያስቀርም። ሁለቱ ምዝገባዎች አንድ ቃል በመጋራታቸው ብቻ ተማሪዎች ዘወትር ያምታቷቸዋል።

ውል ሳይኖር በሕግ የሚወለድ መያዣም አለ። ቁጥር 3042 የማይንቀሳቀስ ንብረት የሸጠ ሰው ላልተከፈለው ዋጋ በዚያው ንብረት ላይ የሕግ መያዣ እንዳለው ይደነግጋል። ግማሹን ዋጋ በዱቤ የሸጠ ሻጭ ይህን መብት ቢያስመዘግብ ከብዙ ጭንቀት ይድን ነበር፤ መብቱን የሚያውቁት ግን ጥቂቶች ናቸው።

አበዳሪው በእርግጥ የሚይዝበት ተቋም ሌላ ነው፤ ወለድ አገድ ይባላል። ባለዕዳው መሬቱን ወይም ቤቱን ለአበዳሪው ያስረክባል፤ አበዳሪው ገንዘቡ እስኪመለስለት በንብረቱ ይጠቀማል፤ ፍሬው ወለዱን ይተካል። ስሙም ይህንኑ ይናገራል፤ ወለድን የሚያግድ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከቁጥር 3117 እስከ 3130 ለዚህ ተቋም ቦታ ሲሰጥ፣ የአማርኛው ጽሑፍ ከባዕድ ቋንቋ ቃል መዋስ አላስፈለገውም፤ ባላገሩ የሚያውቀው ቃል ነበረ። ችግረኛ ገበሬ መሬቱን ለባለገንዘብ ሰጥቶ፣ ገንዘቡን እስኪያገኝ ዓመታት ይቆጠራሉ፤ አበዳሪውም ልጆቹም መሬቱን እያረሱ ይኖራሉ። ከዚያ አንዱ «ገዝቼዋለሁ»፣ ሌላው «በወለድ አገድ ነው የሰጠሁህ» ይላሉ። ክርክሩ በይዞታ ርዝመት ሊፈታ አይችልም፤ ምክንያቱም የወለድ አገድ ባለመብት የቱንም ያህል ዘመን ቢይዝ የያዘው እንደ አበዳሪ እንጂ እንደ ባለቤት አይደለም።

በገጠር መሬት ላይ ደግሞ ጥያቄው ይከብዳል። ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው። የ1997ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 የመጠቀም መብትን በመያዣ ማቅረብ የፈቀደው በሊዝ ለያዘ ባለሀብት ነበር፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1324 ባለይዞታው ገበሬም በመጠቀም መብቱ ላይ እንዲበደርበት ፈቅዷል። በሁለቱ አዋጆች መካከል ብድር የፈለገ ገበሬ ብዙ ጊዜ የቀረው መንገድ ወይ ያለ መያዣ መበደር ወይም በአያቱ ዘመን የነበረውን ወለድ አገድ በሌላ ስም መቀጠል ነበር።

ወለድና ዋና ገንዘብ

የብድር ውል ቃላት በሕግ ቀላል፣ በሒሳብ ግን ጭካኔ ያለባቸው ናቸው። «ዋና ገንዘብ» የተበደሩት ነው፤ «ወለድ» ለጊዜው የሚከፈል ዋጋ ነው፤ «የዕፎይታ ጊዜ» ዋናውን መክፈል የማይጀመርበት ጊዜ ሲሆን፣ ወለዱ ግን በዚያም ጊዜ መቁጠሩን አያቆምም። የወር ክፍያው እኩል ሲሆን ተበዳሪው ዕዳውም እኩል እየቀነሰ እንደሚሄድ ያስባል። ለአብነት 2,000,000 ብር በዓመት 16 በመቶ ወለድ፣ በ20 ዓመት በእኩል ወርኃዊ ክፍያ የሚመለስ ብድር ይታሰብ። ወርኃዊው ክፍያ 27,825 ብር ገደማ ይሆናል። በመጀመሪያው ወር ከዚህ ውስጥ 26,667 ብሩ ወለድ ነው፤ ከዋናው የሚቀነሰው 1,158 ብር ብቻ። በመጀመሪያው ዓመት 334 ሺህ ያህል ብር ተከፍሎ ከዋናው የሚጎድለው 15 ሺህ ያህል ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ ተበዳሪው 3.3 ሚሊዮን ብር ያህል ከፍሎ ሳለ የቀረበት ዕዳ 1.66 ሚሊዮን ብር ገደማ ይሆናል።

ይህ ሒሳብ ከመያዣ ሕግ ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚፈጠር ማየት አስፈላጊ ነው። በአሥረኛው ዓመት ሥራ ያጣ ወይም የታመመ ተበዳሪ «ግማሹን ከፍያለሁ» ይላል፤ በጊዜ ሲለካ እውነት ነው፣ በዋና ገንዘብ ሲለካ ግን አንድ አምስተኛውን እንኳ አልከፈለም። ቤቱ በሐራጅ ቢሸጥ ከዋጋው ላይ ባንኩ የሚወስደው 1.66 ሚሊዮኑን ከነተጨማሪው ነው።

ሐራጅ

የፍትሐ ብሔር ሕጉ አበዳሪን በጥርጣሬ ነበር ያየው። በቁጥር 3060 መሠረት ዕዳው በቀኑ ካልተከፈለ አበዳሪው ቤቱን እንዲወስድ ወይም ከሕጉ ሥርዓት ውጪ እንዲሸጥ የሚፈቅድ ስምምነት፣ ከመያዣው ውል በኋላ የተደረገ እንኳ ቢሆን፣ ፈራሽ ነው። ምክንያቱ የተቸገረ ሰው በብድር ቀን ምንም ነገር እንደሚፈርም መታወቁ ነው። ዕዳው ከደረሰ በኋላ ግን ባለዕዳው ቤቱን በክፍያ ፈንታ ለመስጠት ቢስማማ ሕጉ አይከለክለውም፤ በዚያን ጊዜ የሚሰጠውን ያውቃልና።

በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ለባንኮች ከዚህ የተለየ በር ከፈተ። ባንክና ተበዳሪ በውላቸው ከተስማሙ፣ ዕዳው በጊዜው ሳይከፈል ሲቀር ባንኩ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ፍርድ ቤት ሳይሄድ ንብረቱን በሐራጅ ሊሸጥና ስሙን ለገዢው ሊያዛውር ይችላል። በሁለተኛው ሐራጅ ገዢ ካልቀረበም ባንኩ ንብረቱን ራሱ ሊረከብ ይችላል። ሐራጁ የሚመራው በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ደንቦች ነው፤ ባንኩ እነዚህን ተላልፎ በባለዕዳው ላይ ጉዳት ቢያደርስ ኃላፊ ይሆናል።

እዚህ ላይ «ኃላፊ ይሆናል» የሚለው ሐረግ በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ባለዕዳው የሚያገኘው ካሣ ነው፤ ቤቱን አይደለም። ለባንኩ የሚጠቅመው ፍጥነት አበዳሪዎች ገንዘባቸውን እንዲያንቀሳቅሱ እንደሚያበረታታ አይካድም፤ በፍርድ ቤት ዓመታት የሚፈጅ አፈጻጸም ብድርን ያስወድዳልና። ሆኖም በቁጥር 3060 ሥር የነበረው ጥርጣሬ የተወለደው ከባንክ በፊት በነበረው ባለገንዘብና በገበሬው መካከል ካለው የአቅም ልዩነት ነው። በባንክና በአንድ መምህር ወይም ነርስ መካከል ያለው ልዩነት ከዚያ ጠባብ አይደለም። የመነሻ ዋጋው ከገበያው በታች የተገመተ እንደሆነ፣ ጉዳቱን አስልቶ ክስ ማቅረብና ማስረዳት የሚጠበቀው ቤቱን ካጣው ሰው ነው።

ዕዳው ተከፍሎ ካለቀ በኋላም አንድ ቃል ይቀራል፤ ስረዛ። ዋናው ግዴታ ሲያበቃ መያዣው የሚቆምበት መሠረት አይኖረውም፤ በመዝገቡ ላይ የሰፈረው ጽሑፍ ግን በራሱ አይጠፋም። ባንኩ የዕዳ ማጠናቀቂያ ደብዳቤ መጻፍ፣ ተበዳሪውም ደብዳቤውን ይዞ ቤቱ የሚገኝበት አስተዳደር የመያዣ ምዝገባውን እንዲሰርዝ መጠየቅ አለበት። «ዕዳና እገዳ» ተብሎ የሚጠየቀው ማስረጃ የሚያሳየው ይህንኑ መዝገብ ነው፤ «ዕዳ» ያልተሰረዘ መያዣን፣ «እገዳ» ደግሞ ንብረቱ እንዳይሸጥ የተሰጠን የፍርድ ቤት ትእዛዝ። የመጨረሻውን ክፍያ ከፍሎ ደብዳቤውን በመሳቢያ ያስቀመጠ ሰው ቤቱ በመዝገብ ላይ አሁንም ባለዕዳ ነው፤ ያንን ደብዳቤ ፍለጋ መሳቢያ የሚያገላብጡት ብዙ ጊዜ ልጆቹ ናቸው።